ባለ ኅብር ሹራብ ለሕፃን

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ራቁቱን ይመጣል። ጥጃና የበግ ግልገል ጠጕራቸውን ለብሰው ሲወለዱ፥ የሰው ልጅ ግን ልብሱን ከሌላ ሰው እጅ ይጠብቃል። ስለዚህ ለሕፃን የሚሠራ ልብስ ሰው ለሰው ከሚያደርገው ቸርነት የመጀመሪያው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በዚህ ወር ለክቡራን አንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው ነገር ከዚሁ ቸርነት የሚቈጠር ነው፤ ይኸውም በኪሮሽ የሚሠራ፥ ብዙ ቀለም ያለበት የሕፃን ሹራብ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንድ ከባድ ጕዳይ በውስጡ አለ። ሹራቡን የሚያዩት ዐዋቂዎች ናቸው፤ የሚለብሰው ግን መናገር የማይችል ፍጥረት ነው። ቀለሙ ቢያምር እንግዳ ሁሉ ያደንቃል፤ ክሩ ቢኮሰኵስ፥ አንገቱ ቢጠብ፥ ቍልፉ ቢላላ ግን ሕፃኑ ከማልቀስ በቀር አቤት የሚልበት ቋንቋ የለውም። እንግዲህ የአሳባችን መሠረት ይህ ነው፤ አስቀድሞ የሕፃኑ ገላ ይታሰብ፥ ቀጥሎ ልኩና ቍጥሩ ይታወቅ፥ በመጨረሻ ቀለሙ ይመረጥ። ቀለም በመጨረሻ ይምጣ ማለታችን ቀለምን ለመናቅ አይደለም፤ በሥፍራው ስንደርስ እንደምናሳየው ቀለም በቤት ውስጥ የራሱ የሆነ ትልቅ ሥራ አለው።

ከገላው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ ናት። በእንደዚህ ያለ ደጋ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱና ማለዳው፥ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው። ዐዋቂ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፥ ጋቢውን ይደርባል፥ ወደ እሳት ይጠጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን እንደ ዐዋቂ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም፤ የገላውም ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ስለ ሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። የጤናማ ሕፃን የገላ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ይህ እንዲጠበቅ የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን ከዐዋቂ ሰው ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ልብስ ጨምሮ እንዲለብስ፥ ቆብም እንዲደረግለት፥ የመጀመሪያው ገላ መታጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል።

ነገር ግን ከሹራብ ሁሉ የሚቀድም ሹራብ አለ፤ እርሱም የእናት ደረት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም፥ ለሕፃናት የሚሆነው ማሞቂያ መሣሪያ ባነሰ ጊዜ፥ ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገው ማሳደርን ጀመሩ። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ሆኖአል። ስለዚህ በተወለደበት ሰዓት ሹራብ ተዘጋጅቶአል ብሎ ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ማራቅ አይገባም። የሹራብ ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፥ ሕፃኑ ከእናቱ እቅፍ ወደ ሌላ ሰው እቅፍ፥ ከጓዳም ወደ ደጅ መውጣት ሲጀምር ነው።

ማሞቅ ሲባልም ማፈን ማለት አይደለም። የሕፃን እጅና እግር ቢቀዘቅዝ ያ ብቻ መበረዱን አያስረዳም፤ ደረቱን ወይም ማጅራቱን በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ማጅራቱ ካላበው ልብስ በዝቶበታልና ይቀነስለት። በተለይም ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ከላይ ነጠላ ወይም ጋቢ ሲደረብበት፥ የእናቲቱ ጀርባ ራሱ እንደ ምድጃ ስለሚያሞቀው፥ ወፍራም ሹራብ ሊበዛበት ይችላል። ሲተኛም ፊቱን የሚሸፍን ምንም ነገር አይኑርበት።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ይነሣሉ። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው በማለዳ ነው። ሕፃኑ ከውሃ ሲወጣ በደንብ መድረቅና ሳይዘገይ መልበስ ያስፈልገዋል፤ ልብሱን የምታለብሰው እናት ወይም የክርስትና እናት ደግሞ በሰው መካከል ቆማ፥ የሚያለቅስ ልጅ በእጅዋ ይዛ ነው። በእንደዚህ ያለ ሰዓት በራስ በኩል የሚጠልቅ ጠባብ ሹራብ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ምክንያቱም አዲስ የተወለደ ሕፃን ራሱ ከደረቱ ዙሪያ ጥቂት ይበልጣል፤ የራሱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስድስት ወር ሲሞላው 43 ያህል ይደርሳል። ለደረቱ የተለካ አንገት ለራሱ አይበቃውም ማለት ነው። ስለዚህ እኛ የምንመክረው ከፊት ተከፍቶ በቍልፍ የሚዘጋውን ሹራብ ነው፤ ሕፃኑን አጋድሞ እጁን ከወዲህና ከወዲያ ማግባት ይበቃልና።

ስለ ልክ ስንናገር ሐናን ማሰብ ደስ ይለናል። ልጅዋን ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፎአል። ልጁ በፊትዋ አልነበረም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ያላየችውን ዕድገት በአሳብዋ እየለካች ትሠራ ነበር ማለት ነው። የሕፃን ሹራብ የምትሠራም ሴት እንዲሁ ልትሆን ይገባታል፤ ዛሬ ላለው ሕፃን ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚሆነው ትለካለች። ለክርስትናው ቀን የሚሰጠው ሹራብ በስድስት ወር ልክ ቢሠራና እጅጌው ለጊዜው ቢታጠፍ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ከገላው ቀጥሎ ክሩ ይታሰብ። ክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ጥጡን በእንዝርት ፈትለው ልቃቂቱን ለሸማኔ ሲሰጡ ኖረዋል፤ የመንዝ ደገኞችም ከበጋቸው ጠጕር በርኖስና ባና ሠርተው ብርዱን ተከላክለዋል። ዛሬ በገበያ የሚገኘው የሹራብ ክር ሦስት ዐይነት ነው ማለት ይቻላል። የበግ ጠጕር፥ ማለት ሱፍ፥ እጅግ ያሞቃል፥ ቶሎም በእሳት አይያያዝም፤ ነገር ግን በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኰማተራል፥ አንዳንዱም የሕፃን ገላ ይኰሰኵሳል። ጥጥ ለገላ ለስላሳ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፥ ለመድረቅም ይዘገያል። አክሪሊክ የሚባለው በፋብሪካ የሚሠራ ክር ዋጋው ቀላል፥ ማጠቡም የማያስቸግር ነው፤ ዳሩ ግን እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይነድዳልና ከሰል በሚያያዝበትና ቡና በሚፈላበት ቤት ጥንቃቄ ይሻል። ከሦስቱ ማንኛውም ቢመረጥ በአንድ ሹራብ ውስጥ ዐይነቱም ውፍረቱም አንድ ይሁን፤ አለዚያ ሲታጠብ አንዱ ረድፍ ይኰማተራል፥ ሌላው ይለጠጣል። ጭገሩ የሚበዛና የሚረግፍ ክር ለሕፃን አይሆንም፤ ሕፃን እጅጌውን ሳይጠባ የሚውልበት ቀን የለምና። ከታችም ሁልጊዜ ስስ የጥጥ ልብስ ይልበስ።

ክሩን በገላው ላይ ለመፈተን የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። ሠሪዋ ክሩን በአንገትዋ ወይም በክንድዋ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ጊዜ ትሽ፤ እርስዋን ካሳከካት ሕፃኑን ይልቁን ያሳክከዋል። ቀለሙንም ለመፈተን ከእያንዳንዱ ልቃቂት ጥቂት ቈርጣ በውሃ ትንከርና በነጭ ጨርቅ ላይ ተጭና ትያዝ። ቀለሙን የሚለቅ ክር ለግድግዳ ጌጥ ይሁን እንጂ ለሕፃን አፍ አይሁን።

አሁን ወደ መርፌዋ እንምጣ። ኪሮሽ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። መሣሪያዋም ጫፍዋ የተቈለመመ አንዲት መርፌ ብቻ ናት። ይህች ትንሽ መርፌ ግን የተናቀች አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርላንድ የድንች አዝመራ በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በኮርክና በሌላም ስፍራ ያሉ ደናግል ለድኾች ሴቶችና ልጃገረዶች የኪሮሽ ዳንቴል መሥራትን አስተማሩአቸው፤ የሠሩትም ዳንቴል ወደ ውጭ አገር ተሸጦ ብዙ ቤተ ሰብ ቀለብ አገኘበት። ረኃብን በመርፌ ጫፍ የታገሉ ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። እንግዲህ ልጃገረዶቻችን ይህን ሥራ ሲማሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተማሩ አይምሰላቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለመካከለኛ ቀጭን ክር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት መርፌ ትስማማለች፤ የክሩም ልክ በጠቅላላው ከ150 እስከ 200 ግራም ቢዘጋጅ ይበቃል። መጀመሪያ ቀለበት ከቀለበት እየሳቡ ሰንሰለት ይሠራል። ከዚያ በኋላ መርፌዋ በሰንሰለቱ ውስጥ ትገባለች፥ ክሩን ስባ ታወጣለች፤ በመርፌዋ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል። ደግሞ ክሩን ትስብና በሁለቱ ቀለበት ውስጥ ታሳልፋለች። ይህ አንድ ስፌት ነው። ሹራቡ በሙሉ ከዚህ ከአንዱ ስፌት በቀር ሌላ አይጠይቅም። አንድ ረድፍ ሲያልቅ አንድ ሰንሰለት ተጨምሮ ሥራው ይገለበጣል፥ ሌላው ረድፍ ይጀመራል።

ዋናውን ከመጀመር በፊት ግን መለኪያ የሚሆን፥ በአራት በኩል 10 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቍራጭ ይሠራ። የአንዷ እጅ ይጠብቃል፥ የሌላዋ ይላላል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው የተቀዳ ቍጥር እንዳለ አይሠራም። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ስፌትና 18 ረድፍ ቢገኝ እንበል። ለስድስት ወር ሕፃን ደረቱ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለመተንፈሻና ለውስጥ ልብስ 5 ሲጨመር 48 ይሆናል። ከዚህ እኩሌታው፥ ማለት 24 ሴንቲ ሜትር፥ ለጀርባው ነው። 16 በ24 ሲባዛና ለ10 ሲካፈል 38 ስፌት ይገኛል። ሒሳብ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር ዕውቀት አለመሆኑን ልጆቻችን ከዚህ ይረዱ።

ጀርባው በ39 ሰንሰለት ተጀምሮ፥ ከመርፌዋ ሁለተኛው ላይ ተወግቶ፥ 38 ስፌት ይሆናል፤ 48 ረድፍም ይሠራል፤ ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፊቱ ሁለት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 19 ስፌት ሆኖ እስከ 42ኛው ረድፍ ይደርሳል፤ የቀሩት 6 ረድፎች ግን በክንድ በኩል ባሉት 12 ስፌቶች ላይ ብቻ ይሠራሉ፤ የተተዉት 7 ስፌቶች የአንገት ጕድጓድ ይሆናሉ። እጅጌው ከአንጓው በ24 ስፌት ይጀመራል፤ በየ5ኛው ረድፍ በሁለቱም ጠርዝ አንድ አንድ ስፌት እየተጨመረ፥ ይህም አምስት ጊዜ ሲደረግ 34 ይደርሳል፤ 30 ረድፍ ሲሞላ ይቆማል። ከዚህ በኋላ የፊቱ 12 ስፌት ከጀርባው 12 ስፌት ጋር በትከሻ ላይ ይሰፋል፥ እጅጌዎቹ ይያያዛሉ፥ ጎኑም ይዘጋል። በመጨረሻ የአንገቱና የፊቱ ጠርዝ ዙሪያውን በአንድ ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ይከበባል፤ በዚህም የቍልፍ መግቢያ ይተዋል። በየረድፉ መጨረሻ ስፌቱን መቍጠር አይረሳ። ጀማሪ የጠርዙን ስፌት እየዘለለች ጨርቁ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህም የሚታወቃት ብዙ ከሠራች በኋላ ነው።

ሁለት ነገር በተለይ እናሳስባለን። የመጀመሪያው ስለ ክር ጫፍ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ሹራብ ቀለም በተለወጠ ቍጥር ሁለት ጫፍ ይተዋል። ጫፉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ተትቶ በወፍራም መስፊያ መርፌ በጨርቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይቀበር እንጂ ተቋጥሮ አይንጠልጠል። በእጅጌ ውስጥ የተረሳ ክር፥ ወይም ከእናት ራስ የወደቀ ጠጕር እንኳ፥ በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደሙን ሊያግድ ይችላል። ሕፃን ያለ ምክንያት ቢያለቅስ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማየት መልካም ልማድ ነው። ጣቱ አብጦ ወይም ቀልቶ ቢገኝና ክሩ ወዲያው ባይወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይዘገዩ መሄድ ይገባል። ሁለተኛው ስለ ቍልፍ ነው። ትንሽና የላላ ቍልፍ ወደ አፍ ይገባል፥ ያንቃል፤ ከፍ ያለና ድቡልቡል ቍልፍ ደግሞ ልጁ ሲታዘል በእናቱ ጀርባና በደረቱ መካከል ሆኖ ይቈረቍረዋል። ስለዚህ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ይመረጥ፥ በጠንካራ ክርም ደጋግሞ ይሰፋ፥ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላም በእጅ ተስቦ ይፈተን። በአንገት ላይ የሚታሰር ገመድና ዘርፍ ግን ጨርሶ አይደረግ።

አሁን ቀለም ተራው ደረሰ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደንብ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ይህም ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ነው። ቀለማትንም አጥርቶ መለየት የሚጀምረው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሹራቡ ኅብር ለሕፃኑ ዐይን ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ልብ ነው ማለት ነው። የምንለውም ይህን ነው፤ ኅብሩ የቤተ ሰቡ ከሆነ ክሩም ከቤተ ሰቡ ይሰብሰብ።

ባለ ብዙ ቀለም ሹራብ መልካምነቱ ከትርፍራፊ ክር መሠራቱ ነው። የጀርባው 48 ረድፍ በአራት በአራት ቢከፈል 12 መስመር ይሆናል፤ ስድስት ቀለም ቢኖር እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይመጣል። በየቤቱ ከአባት ሹራብ የተረፈ፥ ከአያት የትከሻ ልብስ የቀረ፥ ለአልጋ ልብስ ተገዝቶ ያላለቀ ክር አይጠፋም። ያነሰው ሹራብም ተተርትሮ እንደ ገና ክር ይሆናል። የተተረተረው ክር በወንበር ጀርባ ላይ ተጠምጥሞ፥ በቦታ በቦታው ታስሮ፥ በለብታ ውሃ ታጥቦ ከታች ጥቂት ክብደት ተንጠልጥሎበት ቢደርቅ መጠቅለሉን ትቶ ይቃናል። ነገር ግን በፋብሪካ ከጨርቅ ተቈርጦ የተሰፋው ሹራብ ሲተረተር ቍርጥራጭ ስለሚሆን አስቀድሞ ስፌቱን ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ ሰው አይረሳ፤ እርሱም ታላቁ ልጅ ነው። እስከ ትናንት የቤቱ ሕፃን እርሱ ነበር፤ ዛሬ እንግዳው ሁሉ ሌላውን ሊያይ ይመጣል። ያዕቆብ ለዮሴፍ ብዙ ኅብር ያለበትን ልብስ ባለበሰው ጊዜ በወንድሞች መካከል የገባውን ቅናት፥ ቅናቱም ያደረሰውን እናውቃለን። ጥፋቱ የኅብሩ አልነበረም፤ ለአንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ቆመው ማየታቸው ነበር። ስለዚህ የታላቁ ልጅ ያነሰው ሹራብ የሚተረተር ከሆነ ሳይጠየቅ አይተርተር። «ይህ ልብስህ ነበር፤ ለወንድምህ ከዚህ አንድ መስመር ብንሠራለት ትፈቅዳለህን?» ቢባል፥ የጠፋበት ነገር የሰጠው ነገር ይሆንለታል። ቀለሙን እርሱ ይምረጥ፥ መስመሩንም እርሱ ይቍጠር። ኋላ ሕፃኑ ሹራቡን ለብሶ ሲወጣ «ቀዩ የእኔ ነው» እያለ ለጎረቤት ይናገራል፤ ይህን የሚል ልጅ በወንድሙ ልብስ አይቀናም።

ብዙ ኅብር ያለበት ሹራብ ወንድ ሴት ብሎ ስለማይለይም ለሚከተለው ልጅ ይተላለፋል። በአንዳንድ ቤት ልጅ ሳይወለድ ልብስ ማዘጋጀት ክፉ ምልኪ ነው ይባላል። እኛ ግን እመቤታችን በቤተ ልሔም በግርግም አጠገብ ሕፃንዋን በጨርቅ መጠቅለልዋን እናስባለን፤ በማደሪያ ስፍራ ባይገኝላትም ጨርቁ አልጠፋባትምና። አራስ ሴት ደግሞ ለኪሮሽ የሚሆን ጊዜ የላትም። ይህ የሚያስፈራት ቢኖር ሥራውን አያቲቱ ወይም አክስቲቱ ይዛ በቤትዋ ትጀምረው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ለምንም የማይበቃ ትርፍራፊ ክር ተያይዞ አንድን ሰው ከብርድ ያድናል። ሕፃኑ በዓመቱ ሹራቡን ያልፈዋል፤ ክሩ ግን አያልቅም፤ ደግሞ ተተርትሮ ለሌላው መስመር ይሆናል። እንግዲህ ክቡራን እናቶችና እኅቶች፥ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ከፍታችሁ የተረፈውን ክር ሰብስቡ፥ በውሃና በነጭ ጨርቅ ፈትኑት፥ ልቃቂቱንም እንዲይዝላችሁ ታላቁን ልጅ ጥሩት።